ለጠባብ ቤትና ለጠባብ ገንዘብ የሚሆን የጨዋታ ኮምፒዩተር

በደብረ ታቦር ከተማ በመንግሥት ሥራ ላይ የሚገኙ አንድ ወዳጃችን ባለፈው ዓመት ለጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በመጡ ጊዜ ሊጠይቁን ገብተው፥ ቡና ከተጠጣ በኋላ ከጋቢያቸው ሥር አንድ ካርቶን አውጥተው በጠረጴዛው ላይ አኖሩ። በካርቶኑ ውስጥ የነበረው ከክርን እስከ እጅ አንጓ የሚደርስ ርዝመት ያለው፥ ሁለት ማራገቢያ የተተከለበት ግራፊክስ ካርድ ነው። «ይህን የሚገዛ ሰው ታውቁልኛላችሁን?» ሲሉ ጠየቁን። ዕቃው ያልተበላሸና ለዐይን የሚያምር ስለ ነበረ ለምን እንደሚሸጡት ብንጠይቃቸው «ሣጥኑ አልቀበለውም አለ» ብለው እየሣቁ መለሱልን። ነገር ግን ሣቃቸው የደስታ አልነበረም፤ ካርዱ የተገዛበት ገንዘብ የባለቤታቸው ዕቁብ ነበርና።

ታሪኩን በፈቃዳቸው በዚህ ገጽ እናወጣለን፤ ስማቸውን ግን እንተወዋለን። ዛሬ በብዙ ቤት ልጅ ለጨዋታ የሚሆን ኮምፒዩተር ይለምናል፤ አባት ገንዘቡን ይቈጥራል፤ እናትም የሚቀመጥበትን ስፍራ በዐይኗ ትለካለች። ክቡራን አንባቢዎቻችን ከዚህ ቤት ኪሣራ አስቀድመው ቢያውቁበት የሚጠቅማቸው ብዙ ነገር አለ።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ወንዱ ልጃቸው የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለ በጓደኛው ቤት የእግር ኳስ ጨዋታ በኮምፒዩተር ተጫውቶ መጣ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ዕረፍት አላገኘም። አባትየው በመጀመሪያ አልሰሙትም። «እኛ በቡሄ ጅራፍ እያጮኽን አደግን፤ ለጅራፍ ብሎ ዕቁብ የገባ አባት ግን አልነበረም» እያሉ ይመልሱት ነበር። በእርግጥም የከተማይቱ ስም የበዓሉ ስም ነውና፥ ነሐሴ 13 ቀን በዚያ አገር የጅራፉ ድምፅ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ሲመላለስ የሰማ ሰው ከዚህ ሌላ ጨዋታ አያሻም ቢል አይፈረድበትም።

ሐሳቡን የለወጡት እናትየው ናቸው። እርሳቸው የተናገሩት ስለ ጨዋታ ሳይሆን ስለ ፈተና ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ከወረቀቱ ጎን በኮምፒዩተርም መሰጠት ጀምሯል። «ልጄ ማውዝ የሚጨብጠው መጀመሪያ በፈተናው ቀን የሆነ እንደ ሆነ ጥያቄውን ከማንበቡ በፊት እጁ ይንቀጠቀጣል» አሉ። ዕቁቡም በደረሳቸው ጊዜ ሦስት ነገር ቈረጡ፤ ይኸውም መሣሪያው የልጁ ሳይሆን የቤቱ ሁሉ እንዲሆን፤ የሚኖሩበት የኪራይ ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ስለ ሆነ ከቁም ሣጥኑ ጎን የሚቆም፥ ቤት በተለወጠም ጊዜ በአንድ ሰው እጅ የሚነሣ ትንሽ እንዲሆን፤ ከዕቁቡም ገንዘብ በላይ አንድ ብር እንዳይወጣበት ነው።

ከሦስቱ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። የኮምፒዩተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ አገር የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው የውጭ ምንዛሪን ይከተላል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፥ ከዚያ ቀደም በባንክ 57 ብር ያህል የነበረው አንድ ዶላር ጥቂት ሳምንት ሳይቈይ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ደመወዙ በብር፥ ምኞቱ በዶላር የሆነ ቤት ከዚያ ወዲህ ስሌቱን ሁሉ እንደ ገና መጀመር ነበረበት። አዲስ ዕቃ አንድ በአንድ ገዝቶ መገጣጠም ለዚህ ቤት የማይሞከር ሆነ። ከዚህም ሌላ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ፤ ዕቃው ባነሰ ቍጥር ዋጋው ይቀንሳል ብሎ መገመት ስሕተት ነው። ሚኒ አይ.ቲ.ኤክስ. የሚባለው፥ አራት ማዕዘኑ 17 ሳንቲ ሜትር በ17 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሹ ማዘርቦርድና ለእርሱ የሚስማማው ኬዝ አብዛኛውን ጊዜ ከትልቁ ይልቅ ይወደዳሉ።

ስለዚህ በአዲስ አበባ የሚኖረው የልጁ አጎት ሌላ መንገድ መረጠ፤ ምርጫውም ትክክለኛ ነበር። በአውሮፓና በአሜሪካ ያሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚያኖሯቸውን ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ጥቂት ዓመታት ከሠሩባቸው በኋላ በጅምላ ይሸጧቸዋል። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፥ ኤች.ፒ. ኤሊትዴስክ፥ ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ነጋዴዎች ኤስ.ኤፍ.ኤፍ. የሚሉት ዐይነት ቁመቱና ጥልቀቱ 29 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ውፍረቱም 9 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ቢያስተኙት ሞኒተር ይሸከማል፥ ቢያቆሙት ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ይገባል። የተሠራውም ሌሊትና ቀን እንዲያገለግል ታስቦ ስለ ሆነ፥ ብዙ ዓመት የኖረበት እንኳ ቢሆን አዲስ ከሚባለው ርካሽ ዕቃ ይልቅ ሲጸና እናያለን። የጐደለው ነገር አንድ ነው፤ ደብዳቤ ለመጻፍና ሒሳብ ለመያዝ የተሠራ ነውና ለጨዋታ የሚሆን ግራፊክስ ካርድ የለውም።

ጥፋቱ የደረሰው ካርዱን በማግኘት ላይ ነው። ልጁ የካርዶችን ስም በስልኩ ሲያነብ ከርሞ ኀይለኛ የሆነውን መረጠ፤ አጎትየውም ያገለገለ በርካሽ ስላገኘ ደስ ብሎት ገዝቶ ላከ። ካርዱ በደረሰ ጊዜ የኬዙን ክዳን ከፍተው ቢሞክሩት በሦስት ነገር አልሆነም። አንደኛ፥ የካርዱ ማሰሪያ ብረት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ያ ትንሽ ኬዝ የሚቀበለው 8 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነውን፥ ሎው ፕሮፋይል የሚባለውን ብቻ ነው። ሁለተኛ፥ ርዝመቱ የዲስኩን መያዣ ይመታል። ሦስተኛውና ዋነኛው፥ ካርዱ ከፓወር ሳፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ባለ ስምንት ቀዳዳ ገመድ ይፈልጋል፤ በዚያ ሣጥን ውስጥ ግን እንዲህ ያለ ገመድ ጨርሶ የለም። ሻጩ «ሳይበላሽ የተሸጠ ዕቃ አልመልስም» አለ። ወዳጃችን በኀዘናቸው መካከል እንኳ ቀልድ አይጠፋባቸውምና፥ «አያቶቻችን ጋፋት ላይ የተሠራውን፥ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በ1860 ዓ.ም. ተራራ ለተራራ እየጐተቱ መቅደላ አግብተዋል፤ እኛ አንዲት ካርድ ሣጥን ውስጥ ማግባት አቃተን» አሉን። ጋፋት ከደብረ ታቦር እጅግ ቅርብ ስለ ሆነች ንግግሩ የዚያ አገር ሰው ንግግር ነው።

እንግዲህ ሊገዛ የሚገባው የትኛው ነበር? ካርዱ የሚሰካበት የማዘርቦርድ ቀዳዳ በሥርዐቱ እስከ 75 ዋት ድረስ ኀይል ይሰጣል። የእነዚህ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ፓወር ሳፕላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ180 እስከ 260 ዋት የሚደርስ ነው። ስለዚህ ሌላ ገመድ ሳይሻ፥ ከቀዳዳው ብቻ በሚያገኘው ኀይል የሚሠራ፥ ቁመቱም አጭር የሆነ ካርድ መፈለግ ነው። ኤንቪዲያ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2016 ያወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1050 ቲ.አይ.፥ በ2019 ያወጣው ጂ.ቲ.ኤክስ. 1650፥ በ2024 ያወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አር.ቲ.ኤክስ. 3050 እንዲህ ባለ አጭር ቁመት ተሠርተዋል። ከሦስቱ የመጨረሻው እጅግ የሚሻል ነው፤ ዋጋውም እንዲሁ። ለጠባብ ገንዘብ የምንመርጠው መካከለኛውን ነው። ዳሩ ግን በዚያው በ1650 ስም ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ተጨማሪ ገመድ የሚፈልጉ ስለሆኑ ስሙን አንብቦ ብቻ መግዛት አይገባም፤ የካርዱን ጠርዝ አገላብጦ መሰኪያ እንደሌለው በዐይን ማየት ያሻል። ገዢው ክዳኑን ከፍቶ ቁመቱንና ርዝመቱን ውፍረቱንም ጭምር በመለኪያ ለክቶ፥ ልኩን በወረቀት ጽፎ ወደ ገበያ ቢወጣ የተሻለ ነው። ወዳጃችን ከጥፋቱ በኋላ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ የለኩበትም ልጅቷ ለትምህርት የምትይዘው ማስመሪያ ነው።

በዚህ ገበያ ሌሎችም ወጥመዶች አሉ። ኤ.ኤም.ዲ. በ2022 ያወጣው አር.ኤክስ. 6400 የሚባለው ካርድ አጭርና ኀይል ቈጣቢ ስለ ሆነ ለእንዲህ ያለው ሣጥን የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ከማዘርቦርዱ ጋራ የሚገናኝባቸው መሥመሮች አራት ብቻ ናቸው፤ የቀድሞው ትውልድ ማዘርቦርድ ደግሞ በእያንዳንዱ መሥመር የሚያሳልፈው የአዲሱን እኩሌታ ስለ ሆነ፥ ካርዱ በአሮጌ ሣጥን ውስጥ በአንዳንድ ጨዋታ ላይ ይደክማል። ጂ.ቲ. 1030 የሚባለውም በአንድ ስም በሁለት ዐይነት ሜሞሪ ተሠርቶ የተሸጠ ነው፤ አንደኛው ከሌላው እጅግ የዘገየ ሆኖ ሳለ በካርቶኑ ላይ ልዩነቱ በትንሽ ፊደል ተጽፏል። ከሁሉ የከፋው ግን ሐሰተኛው ካርድ ነው። ብዙ ዓመት ያለፈበትን ካርድ ውስጣዊ ጽሑፉን ለውጠው፥ ኮምፒዩተሩ 1050 ቲ.አይ. ነኝ ብሎ እንዲያነብበው አድርገው የሚሸጡ አሉ። ጂፒዩ-ዚ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲህ ያለውን ተንኰል ከሚገልጡት አንዱ ስለ ሆነ፥ ገንዘብ ከመቈጠሩ በፊት በሻጩ ፊት ቢከፈት ይበጃል። በዚህ የሚቈጣ ሻጭ ቢኖር ሌላ ሱቅ መሄድ ነው።

ስለ ፕሮሰሰሩ የምንለው አጭር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ጥበቃ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ከስምንተኛው ትውልድ በፊት የነበሩትን ፕሮሰሰሮች፥ ከጥቂቶች በቀር፥ በሥርዐቱ አይቀበልም። በዚህም ምክንያት ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ የሆኑ ኮምፒዩተሮች ረክሰው ይገኛሉ። ርካሽነታቸው ገዢን ቢስብም፥ ልጁ ወደፊት ብዙ ዓመት የሚሠራበት ከሆነ ኮር አይ 5-8500ን የመሰለ፥ ስድስት ኮር ያለው ስምንተኛ ትውልድ መግዛት ይሻላል እንላለን። ገንዘቡ ፈጽሞ የማይደርስ እንደ ሆነ ግን አሮጌውን ገዝቶ በሊኑክስ መሥራት ይቻላል። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2018 ፕሮቶን የሚባለውን ፕሮግራም ካወጣ ወዲህ፥ ለዊንዶውስ የተሠሩ ብዙ ጨዋታዎች በሊኑክስ ላይ ይሠራሉ፤ ሌቦችን ለመከልከል ብርቱ ጠባቂ የተደረገባቸው አንዳንድ የማኅበር ጨዋታዎች ግን እምቢ ይላሉ።

ራሙ 16 ጊጋባይት ቢሆን በቂ ነው፤ እርሱም አንድ ባለ 16 ከሚሆን ሁለት ባለ 8 ቢሆን ፕሮሰሰሩ በሁለት በር ስለሚያነብ ይፈጥናል። ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ወዲህ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማእከላት ራሙን በብዛት ስለሚገዙት ዋጋው በዓለም ሁሉ ጨምሯል፤ ስለዚህ ራሙ ከነበረበት ኮምፒዩተር ማግኘት ለብቻው ከመግዛት ይረክሳል።

የዲስክ ነገር በቈላ አገር ለሚኖር ሰው ተራ ነገር ነው፤ ለደቡብ ጎንደር ሰው ግን ሌላ ታሪክ አለው። የቀድሞው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚዞር ሰሌዳ አለው፤ የሚያነብበው ክንድ ሰሌዳውን ሳይነካ በአየር ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። አየሩ በሣሣ መጠን ክንዱ ወደ ሰሌዳው ይቀርባል። ስለዚህ ብዙዎቹ ሠሪዎች ዲስኩ ሲሠራ ከ3048 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳይሆን ወሰን ጽፈውበታል። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለ ሆነች ከወሰኑ ብዙም አትርቅም። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ በጉና ተራራ አጠገብ አልፎ ወደ ጋይንት የሚወስደውን መንገድ ይዞ ነፋስ መውጫ የገባ ሰው ግን ከ3000 ሜትር በላይ ነው፤ በዚያ አገር ያለ ወላጅ ዲስኩ ያለ ጊዜው ቢሞት ምክንያቱን አያውቅም። ኤስ.ኤስ.ዲ. የሚባለው አዲሱ ዐይነት የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ይህ ሁሉ አያሳስበውም። ያገለገለ ኮምፒዩተር ከነሃርድ ዲስኩ ቢገዛ እንኳ ፕሮግራሙ በኤስ.ኤስ.ዲ. ላይ እንዲጫን ማድረግ ነው፤ ፍጥነቱንም ቤተ ሰቡ ሁሉ በአንድ ቀን ያየዋል።

ከፍታው በሌላም በኩል ይሠራል። በደብረ ታቦር ያለው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሣሣ ስለ ሆነ፥ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር ያነሰ ሙቀት ይወስዳል። ደግነቱ የደጋው ብርድ ይህን ይክሳል። የማይክሰው አቧራውን ነው፤ በበጋ ወራት ከኬዙ ውስጥ የሚወጣው አቧራ ብዙ ነውና በየሦስት ወሩ ተከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ብዙ ዓመት ያገለገለ ኮምፒዩተር ደግሞ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የተቀባው ተርማል ፔስት ደርቆ ስለሚገኝ፥ አሮጌውን ጠርጎ አዲስ መቀባት በትንሽ ገንዘብ ትልቅ ለውጥ ያመጣል።

ወዳጃችን በስሌታቸው ጊዜ ጨርሰው የረሱት የመብራትን ነገር ነው፤ እኛም የምንመክረው ሁሉ ከዚህ በታች መሆኑን አንባቢ ይወቅልን። ካርዱን በእጅ አዙር ሸጠው፥ ከገዙበት ዋጋ ጐድሎባቸው፥ ተስማሚውን አግኝተው ከገጠሙ በኋላ ኮምፒዩተሩ በሁለተኛው ቀን በጨዋታ መካከል ድንገት ጠፋ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ልጁ ካርዱ ተበላሸ ብሎ አለቀሰ። ምክንያቱን ያገኙት እናትየው ናቸው፤ ኮምፒዩተሩ የሚጠፋው እርሳቸው ምጣድ በለኰሱ ጊዜ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህል ይስባል፤ ኮምፒዩተሩ ግን በጨዋታ ላይ ሳለ ከሞኒተሩ ጋራ 200 ዋት እንኳ አይሞላም። በሌላ አነጋገር የአንድ ሰዓት ምጣድ የ17 ሰዓት ጨዋታ ነው። በዚያ ቤት ደግሞ ሁለቱም ከአንድ ቀጭን ገመድ ይቀዱ ነበርና ምጣዱ ሲለኰስ ቮልቱ ይወርዳል፤ አምፖሉ ይፈዛል፤ ኮምፒዩተሩም ይወድቃል። አባትየው ከዚህ በኋላ የልጁን ጨዋታ በኤሌክትሪክ ወጪ መክሰስ ትተዋል።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ጠርቶ ለምጣዱ ከቈጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም ገመድ ማስዘርጋትና የምድር ገመዱንም በዚያው ማስፈተሽ ነው፤ ኬዙን ሲነኩት እጅን የሚነዝር ከሆነ የምድር ገመድ የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ዩ.ፒ.ኤስ. መግዛት ነው። ዩ.ፒ.ኤስ. መብራት በጠፋ ጊዜ ጨዋታ የሚቀጥሉበት አይደለም፤ ሥራን አስቀምጦ በሥርዐት ለመዝጋት ጥቂት ደቂቃ የሚሰጥ ነው። በላዩ የተጻፈው 650 ቪ.ኤ. የሚለው ቍጥር 650 ዋት ማለት አለመሆኑንም ማወቅ ያሻል፤ የዋቱ ቍጥር ያነሰ ሆኖ በሌላ ቦታ ይጻፋል። በክረምት መብረቅ በሚበዛበት ጊዜ ግን ስታብላይዘርም ዩ.ፒ.ኤስ.ም አይታመንም፤ መሰኪያውን ከግድግዳ መንቀል ብቻ ነው የሚያድን። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ቤት ደግሞ በጀርባው ያለውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ ይመልከት። 115 ላይ ሆኖ በእኛ አገር 220 ቮልት ላይ ቢሰካ ወዲያው ይቃጠላል፤ ወደ 230 መገፋት አለበት። አዳዲሶቹ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሳቸው ይለያሉ።

የቀረው ዕቃ ሞኒተር፥ ኪቦርድ፥ ማውዝና የጆሮ ማድመጫ ነው። ሞኒተሩ ያገለገለ ቢሆን አያሳፍርም፤ 1920 በ1080 የሆነ ባለ 24 ኢንች ይበቃል፤ ከዚያ የበለጠ ምስል ትንሿ ካርድ አትሸከምም። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ለጊዜው በኤች.ዲ.ኤም.አይ. ገመድ ቢያያይዘው ገንዘቡ ለዩ.ፒ.ኤስ. ይተርፋል። ኪቦርዱ ቀለም የሚያበራ እንዲሆን ልጆች ይለምናሉ፤ ብርሃኑ ጣትን አያፈጥንም። የግእዝ ፊደል እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ስለ ገባ፥ በማናቸውም ኪቦርድ አማርኛ መጻፍ ይቻላል፤ ወዳጃችን ዛሬ የማመልከቻ ደብዳቤያቸውን በዚያው በጨዋታ ኮምፒዩተር ይጽፋሉ። ማውዙ ግን እጅ ላይ ተሞክሮ ይገዛ። የጆሮ ማድመጫ ሁለት ክፍል ባለው ቤት ቅንጦት አይደለም፤ አያት በሚተኙበት ቤት ግዴታ ነው።

ለገንዘብ አከፋፈል ሥርዐት ቢያስፈልግ፥ እኛ ከመቶ 40 እጁን ለሣጥኑ፥ 30 እጁን ለካርዱ፥ የቀረውን 30 ለሞኒተሩና ለዩ.ፒ.ኤስ. ለሌላውም ትንሽ ዕቃ እናደርግ ነበር። ወዳጃችን በመጀመሪያ ከግማሽ በላይ የሆነውን በካርዱ ላይ አዋሉት፤ ለዩ.ፒ.ኤስ. የመደቡትም ምንም አልነበረም። መብራት እጅግ በሚጠፋበት ስፍራ ያለ ሰው ላፕቶፕ እመርጣለሁ ቢል አንቃወመውም፤ ባትሪው የራሱ ነውና። ነገር ግን የጨዋታ ላፕቶፕ አንድ ነገር ቢሰበርበት ሁሉ ይቆማል፤ ይህ ሣጥን ግን አንድ ዕቃ ቢሞትበት እርሱን ብቻ ለውጦ መቀጠል ይቻላል።

ስለ ጨዋታዎቹም ጥቂት እንበል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የደብረ ታቦር ሰው አይረሳውም። ስለዚህ ሁልጊዜ ኢንተርኔት ካላገኘ የማይከፈት ጨዋታ ለዚያ አገር ቤት አይመከርም፤ አንድ ጊዜ ተጭኖ በቤት ውስጥ ብቻውን የሚሠራ ይመረጥ። መጠኑም ይታሰብ፤ የእግር ኳሱ ኤፍ.ሲ. 24 ብቻውን 100 ጊጋባይት ያህል ስፍራ ይፈልጋል፤ ይህን በሞባይል ጥቅል ማውረድ ከራሱ ከጨዋታው ዋጋ የሚፎካከር ወጪ ነው። አጎትየው በአዲስ አበባ አውርዶ በዲስክ ልኮለታል። ወላጅ በጨዋታው ሽፋን ላይ ያለውን የዕድሜ ቍጥር ያንብብ፤ ግራንድ ቴፍት አውቶ 5 በአውሮፓ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ተብሎ የተወሰነው ያለ ምክንያት አይደለም። የ7ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ሴት ልጃቸው ግን ኳሱን አልወደደችውም። በአዲስ አበባ የሚሠራው ቅኔ ጌምስ የተባለ ድርጅት ገበጣን ለስልክ ጨዋታ አድርጎ ማውጣቱን ሰምታ፥ ጎዶት በሚባለው ነጻ የጨዋታ መሥሪያ የራሷን ገበጣ እሠራለሁ ብላ ተነሥታለች፤ እስካሁን ጕድጓዶቹን ሥላለች፥ ጠጠሮቹ ግን አልንቀሳቀስ ብለዋታል።

ይህን ጽሑፍ ከመጨረሳችን በፊት ወዳጃችንን በስልክ ጠይቀናቸው ነበር። ትልቁን ካርድ የገዛቸው ሰው ባለፈው ሰሞን ደውሎ ፓወር ሳፕላይ እንዳነሰው ነግሯቸዋል። ለምጣዱ የሚሆነው ወፍራም ገመድ እስካሁን አልተዘረጋም፤ የቤቱ ባለቤት ይፈቅዱ ዘንድ እየተለመኑ ናቸው። እስከዚያ ድረስ ረቡዕና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የምጣዱ ቀን ሆኖ ተደንግጓል። የደወልነው በቅዳሜ ስለ ነበረ ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ፥ ልጁ ደጅ ወጥቶ የጨርቅ ኳስ ይጫወት ነበር።